ከፍ ላለ ፒክአፕ ክሪክ መምረጥ፦ ከሜትሮ እስከ መጀመሪያው ማንሳት

ሥራው፦ 2 ኢንች ከፍ የተደረገ የቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ካብ (ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተመረተው፣ «ቪጎ» የሚባለው) ግቢ ውስጥ የሚያነሳ ክሪክ መግዛት። ጎማው 265/75 አር 16። የሚሠራው የጎማ ማዟዟር፣ የፍሬን ሸራና ፓድ መቀየር፣ ከስር ገብቶ ማየትና ግራሶ መሙላት ነው። ሞተርና ካምቢዮ ማውረድ እቅዱ ውስጥ የለም። መሬቱ ከበሩ አጠገብ ሲሚንቶ፣ ከዚያ ወዲያ ኮብልስቶን ነው።

ልኬት

ሱቅ ከመሄድ በፊት ሜትሮ ይዞ ከመኪናው ስር መግባት። ብዙ ሰው «መኪናዬ ረጅም ነው» ብሎ ትልቁን ክሪክ ይገዛል። ከፍታ የሚለካው ግን ክሪኩ ከሚነካው ቦታ ነው። ከመከላከያው ወይም ከበሩ ደፍ ተነስቶ የለካ ሰው ለማይፈልገው ብረት ይከፍላል።

የጎማው ቁመት በስሌት 80.4 ሴንቲ ይደርሳል፤ ግማሹ 40.2 ነው። መሬት ላይ ቆሞ የአክስሉ መሃል ሲለካ 38.5 ወጣ። ጎማው በክብደት 1.7 ሴንቲ ያህል ተጨፍልቋል ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር ኋላ ትፈለጋለች፤ መኪናው ሲነሳ ጎማው መጀመሪያ ይህን ተጨፍልቆ የነበረውን ይመልሳል፣ ከመሬት የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመሬት እስከ እያንዳንዱ ማንሻ ቦታ፣ መኪናው ባዶ ሆኖ፦

የኋላ አክስል ቱቦ ታች (ባሌስትራው አጠገብ) 34.5 ሴንቲ
የኋላ ዲፈረንሻል ታች 23
የኋላ ሻንሲ ታች (ባሌስትራው ከሚታሰርበት ፊት) 50
የፊት መስቀለኛ ብረት መሃል 32
የፊት ሻንሲ ታች (ከፊት ጎማው ኋላ) 47

ከእነዚህ ላይ የሚደመረው የሞላውና የባሌስትራው መዘርጋት ነው። ሻንሲውን ስታነሱት ጎማው አብሮ አይነሳም፤ ባሌስትራው እየተዘረጋ ጎማው መሬት ላይ ተኝቶ ይቆያል። በዚህ መኪና ከኋላ 14፣ ከፊት 8 ሴንቲ ተዘረጋ። ጎማ ለማውጣት ከመሬት 3 ሴንቲ ክፍተት ይበቃል። ስለዚህ፦

በኋላ አክስል ካነሳን፦ 34.5 + 1.7 + 3 ፤ 39 ገደማ
በዲፈረንሻል፦ 28 ገደማ
በኋላ ሻንሲ፦ 50 + 14 + 1.7 + 3 ፤ 69 ገደማ
በፊት መስቀለኛ ብረት፦ 32 + 8 + 4.7 ፤ 45 ገደማ
በፊት ሻንሲ፦ 60 ገደማ

ያው መኪና፣ ያው የኋላ ጎማ፤ በአክስሉ ከተነሳ 39፣ በሻንሲው ከተነሳ 69 ሴንቲ ይጠይቃል። 30 ሴንቲ ልዩነት የመጣው ማንሻውን ቦታ በመቀየር ብቻ ነው። ከኋላ በአክስል፣ ከፊት በመስቀለኛው ብረት እናነሳለን ተብሎ ተወሰነ። ካቫሌቶ (የተነሳው መኪና የሚያርፍበት ባለ እግር ብረት) ለማስገባት 2 ሴንቲ ይጨመርና ክሪኩ 47 መድረስ አለበት። ጥቂት ትርፍ ሲያዝ 52 አካባቢ ይሆናል። 70 የሚደርስ ክሪክ አያስፈልግም።

ዝቅተኛውም ቁመት ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጎማው አየር ሲያጣ መኪናው በቸርኬው ጠርዝ ላይ ስለሚቀመጥ አክስሉ ይወርዳል። አንዱን የኋላ ጎማ አስተንፍሰን ስንለካ በዚያ ጎን የአክስሉ ቱቦ ወደ 23፣ ዲፈረንሻሉ ወደ 17 ወረደ። ራሱን ዝቅ አድርጎ 20 ላይ የሚቆም ክሪክ በዚህ ሰዓት ከዲፈረንሻል ስር አይገባም።

ክብደት

ሃይሉክሱ ባዶውን 1.9 ቶን ይጠጋል። ናፍጣ ሞተሩ ፊት ስላለ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ፊት ላይ ያርፋል፤ አንድ ቶን ከፍ ያለ እንበል። ክሪክ አንድ ጫፍ ብቻ ስለሚያነሳ 2 ቶን የሚለው በወረቀት ይበቃል። እኛ ግን 3 ቶን ነው የመረጥነው። ምክንያቱ ጉልበቱ አይደለም። ባለ 3 ቶኑ ገላው ረጅም፣ ሮለሮቹ የተራራቁ፣ ሳህኑም (መኪናውን የሚነካው የክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ማረፊያ) ሰፊ ነው። መኪና የሚወድቀው ክሪኩ አቅም ስላነሰው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ስለተጋደመ ወይም ሳህኑ ስላዳለጠ ነው።

ዕቃ የተጫነ ፒክአፕ ግን ሌላ ሂሳብ ነው። ካሶኒው ላይ የተጫነው ከሞላ ጎደል ሁሉም ኋላ ላይ ይወርዳል፤ ጭነቱ 900 ኪሎ ከሆነ የኋላው አክስል ክብደት በእጥፍ ያድጋል። መጀመሪያ ጭነቱን ማራገፍ ነው።

የክሪክ ዓይነቶች

*ጠርሙስ መሳዩ ቁም ክሪክ።* ባለ 5 ቶኑ ከ20 አካባቢ ተነስቶ የራሱ ብሎን ሲወጣ ከ38 እስከ 40 ይደርሳል። ለኋላ አክስል በጣም ጥሩ ነው፤ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ መንቀሳቀስ አይፈልግም፣ ኮብልስቶን ላይም ከስሩ ላሜራ ካለ ይሠራል። ችግሩ መቀመጫው ጠባብ ነው፣ ራሱም ትንሽ ነው። ፊት ላይ ወደ መስቀለኛው ብረት ለመግባት ደግሞ ሰው በደረቱ መሳብ አለበት። እንደ መጠባበቂያ ጥሩ ነው፣ ለዋና ሥራ አይሆንም።

*የገበሬ ክሪክ የሚባለው ረጅም ባለ ጥርስ።* ቁመቱ 120 ሴንቲ ይሆናል። የሚያነሳው በመከላከያ ሲሆን የሃይሉክስ ፋብሪካ መከላከያ ደግሞ ይህን አይችልም። እጀታው ሲያመልጥ መንጋጋ ይሰብራል። ጭቃ ለሚወጣ ሰው ይሁን፤ ከመኪና ስር ለሚገባ ሰው አይሆንም።

*የጋራዥ ክሪክ፣ በሮለር የሚገፋው።* የተፈለገው ይህ ነው። ተራው ባለ 3 ቶን ከ13 እስከ 46 ወይም 48 ሴንቲ ይሄዳል። ለከፍተኛ መኪና ተብሎ የሚሸጠው 53 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለታክሲና ለቪትዝ የሚሆነው ዝቅተኛው የአሉሚኒየም ዓይነት ቀላል ቢሆንም ከፍተኛው ቁመቱ እንደ ዓይነቱ ከ36 እስከ 46 ሴንቲ ብቻ ነው፤ ለዚህ መኪና አይደርስም።

ክሪኩ ለምን ይሄዳል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አደጋ የሚመጣበትም ቦታ ይኸው ነው። የጋራዥ ክሪክ ክንድ በአንድ ፒን ዙሪያ ነው የሚዞረው። ሳህኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይሄድም፤ በቅስት እየወጣ ወደ እጀታው ያፈገፍጋል። መኪናው ቆሞ ስለሚገኝ ክሪኩ ራሱ ወደ መኪናው ስር መንከባለል አለበት። ክንዱ 56 ሴንቲ፣ ፒኑ ከመሬት 14 ላይ ሆኖ ከ14.5 ወደ 53 ሲነሳ ሳህኑ ወደ 16 ሴንቲ ያፈገፍጋል። እኩል በእኩል ግን አይደለም፤ የመጀመሪያው ግማሽ 4 ሴንቲ እንኳ አይሞላም፣ 12ቱ የሚመጣው ወደ ላይ ሲቀርብ ነው።

ስለዚህ ከታች ስትጀምሩ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ሮለሮቹ የኮብልስቶን ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ከቆሙ ችግሩ የሚታየው መኪናው ከፍ ካለ በኋላ ነው፤ ሳህኑ ብረቱን እየጎተተ ይንሸራተታል፣ ወይም መኪናውን ከታኮው (ጎማው እንዳይንከባለል ከሚደረግለት መደገፊያ) ላይ ይስባል። ሸካራ መሬት ላይ ረጅም ክሪክ ከአጭሩ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። «ትልቁን ግዛ» የሚል ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ሱቅ ላይ የሚታይ

ሶማሌ ተራ ላይ ሦስት ዓይነት ክሪክ ተነጥሎ ወጣ። የሚታየው የሚከተለው ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቶን አትመኑ፤ ክሪኩን አንሱት። እውነተኛ ባለ 3 ቶን የብረት ክሪክ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ብዙዎቹም 40 ይጠጋሉ። አንድ ሰው በአንድ እጁ እንደ ዘንቢል አንጠልጥሎ የሚሄደው 3 ቶን ቢጻፍበትም ብረቱ ቀጭን ነው።

ሜትሮ አውጡና ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ራሳችሁ ለኩ። ከሦስቱ አንዱ 53 ተጽፎበት 49 ላይ ቆመ። የጎን ብረቶቹ ውስጥ የሚዞረውን ፒን እዩ፤ እጀታው ሳይገባ ክንዱን ወደ ጎን ነቅንቁት። የሚያንኳኳ ከሆነ ይቅር። የፊት ሮለሮቹ ስፋት ከሳህኑ በብዙ መብለጥ አለበት። የኋላዎቹ ዙሪያቸውን የሚዞሩ ይሁኑ፤ አንዱ እንኳ ተጣብቆ ከሆነ ክሪኩ ሲነሳ በአንድ ጎን ይዞራል።

ሳህኑ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ጥርስ ያለው ይሁን። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ክብ አክስል ይንከባለላል። አንዳንዶቹ ሳህኑን ነቅሎ በአክስል ቅርጽ የተሠራ ማረፊያ ማስገባት ያስችላሉ፤ ካለ ጥሩ ነው።

እጀታውም ይለካል። የሃይሉክሱ የኋላ አክስል ከኋላ መከላከያው 1.2 ሜትር ያህል ውስጥ ነው። ክሪኩ 75 ሴንቲ ከሆነ ገላው በሙሉ ከመኪናው ስር ይገባና እጀታው ወደ ላይ ሲወጣ መከላከያውን ወይም የመጎተቻውን መንጠቆ ይመታል፤ ሙሉ ምት አይሰጥም። ስለዚህ ከኋላ በቀጥታ መግባቱ ቀረ። ከጎን፣ ከኋላ ጎማው ፊት ሰያፍ ተገብቶ የአክስሉ ቱቦ ይያዛል። ለዚህም በመኪናውና በአጥሩ መካከል 1.5 ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ጠባብ ግቢ ካላችሁ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ።

የተመረጠው፦ 3 ቶን፣ ከ14.5 እስከ 53 ሴንቲ፣ 38 ኪሎ፣ ሁለት ክፍል ያለው 1.1 ሜትር እጀታ።

ፈተና፣ ከመኪና ስር ሳይገባ

አዲስ ክሪክ በመንገድ ላይ ተገልብጦ ስለሚመጣ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር ይገባል። ምልክቱ እጀታው ስፖንጅ የተጫነ ያህል መሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ምቶችም ምንም አለማንሳታቸው ነው። አየሩን ለማስወጣት የማውረጃውን ቫልቭ በግራ አዙሮ መክፈት፣ እጀታውን ከ10 እስከ 15 ጊዜ በፍጥነት መምታት፣ መዝጋት፣ መሞከር። ካልበቃ መድገም።

ከዚያ ፊቱ ጎማ እስኪለቅ ተነሳ፤ ከስር ማንም የለም፣ ካቫሌቶ ግን አጠገቡ ገብቷል። ከሳህኑ እስከ መሬት ተለክቶ ተጻፈ። ከ10 ደቂቃ በኋላ 4 ሚሊሜትር ወርዷል። ይህ ተቀባይነት የለውም። ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ቫልቩ በደንብ አልተዘጋም፣ ቫልቩ መቀመጫ ላይ ቆሻሻ አለ፣ ወይም የፒስተኑ ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) አልቋል። አዲስ ስለሆነ የተጠረጠረው ቆሻሻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ የቀረ የብረት ዱቄት ብዙ ጊዜ ይገኛል። ዘይቱ ተደፋ፣ በአዲስ ዘይት ታጠበ፣ ተሞላ። ሁለተኛው ልኬት ምንም መውረድ አላሳየም።

ስለ ዘይቱ፦ ሃይድሮሊክ ዘይት ቁጥር 32 ይሆናል። ዘይቱ የሚሞላው ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው፤ የመሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ክንዱ ተነስቶ ከተሞላ ሲወርድ ትርፉ ዘይት መግቢያ አጥቶ በጎሚኒው ይወጣል። ካነሰ ደግሞ ክሪኩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ብዙ ሰው ይህን «ክሪኩ ሞተ» ብሎ ይጥለዋል። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባም፤ የክሪክን ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ከዚያም ይበጣጥሰዋል።

ገላው ላይ በቀለም ወይም በክዳን የታሸገች ትንሽ ብሎን ካለች አትንኳት፤ ከአቅም በላይ ሲጫን ዘይት የምታሳልፈው ቫልቭ ናት። «አላነሳ አለኝ» ብሎ የሚያጠብቃት መካኒክ ብዙ ነው።

ካቫሌቶ

ክሪክ ለማንሳት ነው፤ ሰው ከስር የሚገባው ካቫሌቶ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። ለኋላ አክስል ባለ 3 ቶኑ ጥንድ ይበቃል፤ የተለመደው ከ28 እስከ 42 ሴንቲ ስለሚሄድ 39ን ይደርሳል። ለፊት ግን ሻንሲው 60 ላይ ይሆናል። እዚያ ባለ 6 ቶኑ ተገዛ፤ ያውም የላይኛው ጥርሱ 61 ስለሆነ ለጥቂት ነው የደረሰው። ከዚህ በላይ ከፍ ያለ መኪና ያለው ሰው ካቫሌቶውን ከታችኛው ክንድ ውጫዊ ጫፍ ስር ማድረጉን ያስብ፤ ሞላው ተጭኖ ስለሚቀር ከፍታው በብዙ ይቀንሳል።

ባለ ጥርሱና ባለ ፒኑ ሲነጻጸሩ የእኛ ምርጫ ባለ ፒኑ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት ፒትስበርግ በሚለው ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ካቫሌቶዎች መልሶ ሰብስቧል፤ ምክንያቱ ጥርሱና መያዣው በበቂ ጥልቀት ላይነካኩ መቻላቸው ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት ባለ 3 ቶኖች የተወሰኑትም በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠርተዋል። ዘመድ ከዚያ ያገለገለ ዕቃ ከላከላችሁ የሞዴል ቁጥሩን አይታችሁ ተጠቀሙ። ባለ ጥርስ የያዘ ሰው ቢያንስ ጥርሱን የሚያልፍ ተጨማሪ ፒን ያለውን ይፈልግ።

ብሎኬት እንደ ካቫሌቶ አይቆጠርም። ቀዳዳው ወደ ላይም ይሁን ወደ ጎን፣ ሳይሰነጠቅ ቆይቶ ድንገት ይፈርሳል።

ኮብልስቶኑ ላይ የሚነጠፍ

ሁለት ባለ 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ተጣብቆ፣ ከላይ ባለ 3 ሚሊ ላሜራ፤ 120 በ60 ሴንቲ። ምናለሽ ተራ ተቆርጦ መጣ፤ ላሜራው ብቻውን 17 ኪሎ ነው። 120 የሆነበት ምክንያት የክሪኩ ገላ 75 ሲሆን 16ቱ የመንከባለያው፣ ቀሪው መተንፈሻ ነው። በሁለቱም ጫፍ ባለ 10 ቶንዲኖ ተበየደ፤ ሮለሩ ከዳር እንዳይወርድ።

ንጣፉ ወደ 4 ሴንቲ ይጨምራል፤ ክሪኩ አሁን ከ18.5 ነው የሚጀምረው። ጎማ ሲተነፍስ ግን ዲፈረንሻሉ 17 ላይ ነበር። ስለዚህ ኮብልስቶን ላይ ጎማ ከፈነዳ በዲፈረንሻል አይነሳም፣ በአክስሉ ቱቦ ነው። ቱቦው 23 ላይ ስለሆነ ይገባል።

ከፍታ ለመጨመር ሳህኑ ላይ እንጨት መደራረብ የተለመደ ነው፤ ይቅር። ሳህኑ በቅስት ሲሄድ እንጨቱ በጠርዙ ይቆምና ይፈናጠራል። ከፍታ ከተፈለገ ከክሪኩ ስር ይሁን፣ ሰፊ ሆኖ።

የመጀመሪያው ማንሳት፣ ኋላ

ጎማው መሬት ላይ እያለ ስድስቱም ዳዶዎች (21 ቁልፍ) በግማሽ ዙር ተላሉ። ተነስቶ እያለ መታገል መኪናውን ከካቫሌቶ ላይ ይገፋል።

ታኮ በሁለቱም የፊት ጎማዎች፣ ፊትም ኋላም። እዚህ ላይ ብዙ ሾፌር የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ፍሬኖ አማኖ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ከተነሱ የለም ማለት ነው። ማርሽ ውስጥ መተውም ብቻውን አያስተማምንም። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ቢነሳ እንኳ ዲፈረንሻሉ አየር ላይ ያለውን ስለሚያዞር መሬት ላይ ያለው ነጻ ይሆናል። ስለዚህ አራት በአራት ተገብቶ፣ የፊት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ተቆልፎ፣ አንደኛ ማርሽ። እንደዚያም ሆኖ ዋናው ተስፋ ታኮው ነው።

ሳህኑ ባሌስትራው ከአክስሉ ጋር የሚታሰርበት ብረት አጠገብ፣ የፍሬን ቱቦውን ሳይነካ ተቀመጠ። የኋላ አክስል ላይ የተዘረጋውን ቀጭን የፍሬን ቱቦ በሳህን መጭመቅ በጣም ቀላል ነው፤ በእጅ ዳስሳችሁ እዩ። በዲፈረንሻል የምታነሱ ከሆነ የዘይቱን ታፖ አትንኩ፣ ከኋላ ያለው ቀጭን ክዳንም አይሸከምም።

ተነሳ፤ በየአምስት ምቱ ቆሞ ሮለሮቹ መንከባለላቸው ታየ። ሲሚንቶው ላይ ችግር አልነበረም። ንጣፉ ላይ በሁለተኛው ሙከራ አንዱ የኋላ ሮለር ወደ ጎን ዞሮ ቆመ፤ ወርዶ እንደገና ቀጥ ተደረገ። ሲነሳ እያለ በመዶሻ ለማስተካከል መሞከር የለም።

ካቫሌቶ ገባ፣ ቫልቩ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ በቀስታ ተከፈተ፣ አክስሉ አረፈ። ከዚያ መኪናው በትከሻ ተገፋ፤ ሊወድቅ ካለው ሰው ከስር ሳይገባ ይውደቅ። ክሪኩ ጭነት ሳይዝ አክስሉን እንደነካ ቀረ፣ የወጣው ጎማም ከሻንሲው ስር ተጋደመ።

ዳዶ ሲታሰር በኮከብ ቅደም ተከተል፣ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ በ105 ኒውተን ሜትር አካባቢ፤ የእናንተን ማኑዋል አይታችሁ።

የቀረ ሥራ

የክንዱ ፒንና የሮለሮቹ መሃል ግራሶ ይፈልጋሉ፤ ከፋብሪካ ደርቀው ነው የመጡት። ንጣፉ ዝናብ ስለሚነካው የኮምፔንሳቶው ጠርዝ በቀለም ይዘጋ። ክሪኩ ሁልጊዜ ክንዱ ወርዶ፣ የፒስተኑ ዘንግ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥ፤ ወጥቶ የቀረ ዘንግ በክረምት ይዝጋል፣ የዛገ ዘንግ ደግሞ ጎሚኒውን ይቆርጣል።